የአርባ ሰባተኛው መቃብር ኩራዝ

አለቃ ሻድሊ በሠላሳ አንድ ዓመት የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ሥራው ባዶ መቃብር አጋጥሞት አያውቅም። የተዘረፈ አይቷል፤ ባሕር ገብቶ ያጠበውም አይቷል። አርባ ሰባተኛው ግን እንደዚያ አልነበረም። የሸክላ ክዳኑን ከተከደነበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። ርዝመቱ የአንድ ሙሉ ሰው ቁመት ነው፤ የጥንቶቹ ሮማውያን ለሟቻቸው ወይን ጠጅና ዘይት የሚያንቆረቁሩበት ቧንቧ እንኳ ከላይ ተተክሎለታል። ውስጡ ግን ንጹሕ አሸዋና በራስጌው በኩል አንዲት መዳፍ የምታህል የሸክላ ኩራዝ ብቻ ነበር።

«ሰውየው ተነሥቶ ሄዷል» አለ ሃምዳ አካፋውን ተደግፎ። ሃምዳ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶም አፉ የማያርፍ ቆፋሪ ነው። «መብራቱን ትቶ ነው የወጣው። ሚስቱ የምትለውን ሳስበው…»

«ዝም ብለህ ንፋ» አለው ሻድሊ።

አሸዋው ሁለት ጊዜ በወንፊት ተነፋ። ሁለተኛውን ዙር ሻድሊ ራሱ ነፋው። አጥንት ቢበሰብስ ጥርስ አይበሰብስም፤ በዚህ የባሕር ዳር አሸዋ የሕፃን ጥርስ እንኳ ሁለት ሺህ ዓመት ይቆያል። አንድም አልተገኘም። ሻድሊ ወንፊቱን እንደያዘ ዓይኑን ወደ ባሕሩ ጣል አደረገና ወዲያው መለሰው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ባሕሩን ትክ ብሎ አያይም።

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከቁፋሮው ሜዳ በታች፣ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ አርባ አንድ ሰው የጫነ ጀልባ ወደ ጣሊያን ተነሣ። ከአርባ አንዱ አንዱ የሻድሊ ልጅ ዋጅዲ ነበር፤ አንድ ለናቱ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ማቀዝቀዣ መጠገን ተምሮ ሥራ ያጣ። ጀልባው ከታሰበበት አልደረሰም። በሳምንቱ ባሕሩ አሥራ ዘጠኝ ሬሳ መለሰ። ሻድሊ አሥራ ዘጠኙንም እየገለጠ አየ። ዋጅዲ አልነበረበትም።

ዶክተር ኢንሳፍ መሰላሉን ወርዳ መጣች። የቁፋሮው ኃላፊ እሷ ናት፤ ድሮ ተማሪ ሆና ስትመጣ ብሩሽ አያያዝ ያሳያት ግን ሻድሊ ነው፤ ዛሬም እሱን ሳትጠይቅ የምትወስነው ነገር ጥቂት ነው። ተንበርክካ ኩራዚቱን በሁለት ጣቷ አነሣችና ወደ ፀሐይ አዞረቻት። የኩራዚቱ ክብ ፊት ላይ ወይን የምትግጥ ጥንቸል ተቀርጻለች፤ የጥንቸሏ አንድ ጆሮ በእጅ ብዛት ተሟጦ ጠፍቷል።

«አጎቴ ሻድሊ፣ አፍንጫዋን ይዩልኝ።»

የኩራዝ አፍንጫ ክሩ የሚወጣበት ነው። የዚህችኛዋ ጥቁር ነበር፤ ጥቀርሻው እስከ ጥንቸሏ እግር ወጥቷል፤ ጫፉ ደግሞ በእሳት ብዛት ተሰንጥቆ ቅራፊው ወድቋል።

«የሌሎቹ መቃብሮች ኩራዞች እንዴት ነበሩ?» አለችው።

«ንጹሕ። ለቀብሩ ቀን የተገዙ ናቸዋ። ወይ ጨርሶ አልበሩም፣ ወይ አንድ ቀን ነው የበሩት።»

«ይቺ ግን የቤት ኩራዝ ናት። ዓመታት በርታለች።»

ሻድሊ ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ከሷ አፍ መስማት ፈለገ። «ባለ መቃብሩስ?»

«በእርግጠኝነት አልነግርዎትም። ግን ሬሳው ላልተገኘ ሰው፣ ለምሳሌ ባሕር ለወሰደው፣ ባዶ መቃብር ይሠሩለት ነበር። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርተው ይዘጉታል። ነፍሱ ቤት አገኘች ይላሉ።» ይህን ካለች በኋላ ለማን እየነገረች እንደሆነ ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አጎቴ።»

«ምን አጠፋሽ ልጄ» አላት።

«ብቻ እንዳትታጠብ። ጥቀርሻው ይመረመራል፤ በምን ዘይት እንደበራች፣ ምን ያህል እንደበራች ይነግረናል። ባለሙያው ቅዳሜ ከቱኒስ ይመጣል። እስከዚያ ማንም አይንካት።»

የመጋዘኑ ቁልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው በሻድሊ ኪስ ነው። እሱ ራሱ በሣጥን አድርጎ፣ ጥጥ አልብሶ፣ ቆለፈባት።

የሻድሊ ቤት በር ላይ አንድ አምፖል አለ። ዋጅዲ የሄደ ዕለት እናቱ ዱጃ አበራችው፤ ከዚያ ወዲህ ቀንም ሌትም ይበራል። ልጇ ባልታሰበ ሰዓት ቢመጣ ደረጃው እንዳያደናቅፈው ነው። ጎረቤት መጀመሪያ አዘነ፤ ቀጥሎ ተንሾካሾከ፤ ኋላ ለመደው። እንዲያውም እንግዳ ሰው መንገድ ሲጠይቅ «ከመብራቱ ቤት ወደ ግራ ታጠፍ» ይሉታል። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የሌላው ሐዘን ውሎ ሲያድር የመንገድ ምልክት ይሆናል።

ሻድሊ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጁን እርም ማውጣት። ኢማሙ አስከሬን ባይኖርም የቀብር ሶላቱ እንደሚሰገድ ነግረውታል፤ «ግን እናቱ እሺ ትበል» አሉት። እሱም ያለሷ ቃል ላይሰግድ ምሏል። የዒድ ጧት መንደርተኛው መቃብር ሲጎበኝ ሻድሊ የሚቆምበት የለውም፤ ከዚህም ከዚያም መቃብር አጠገብ ትንሽ ትንሽ ቆሞ፣ የሰው ሟች ላይ የፋቲሃን ጸሎት አድርሶ ይመለሳል። የማያውቃቸውን የሁለት ሺህ ዓመት ሰዎች አጥንት በብሩሽ ሲጠርግ ይውላል፤ የገዛ ልጁን ግን አንዲት ጭብጥ አፈር ሊያለብሰው አልቻለም። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። ዱጃን ሁለት ጊዜ ለምኗታል። ሁለተኛው ጊዜ «ልጄን በቁሙ ልትቀብረው ነው?» ብላ አርባ ቀን አላናገረችውም።

አሁን ግን ለሱ የሚናገርለት አገኘ። ሐሙስ ከሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ሲሄድ መጋዘኑን ከፈተና ኩራዚቱን በኮፍያው ጠቅልሎ ምሳ ዕቃው ውስጥ፣ ከተረፈው ዳቦ ሥር ከተታት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ዶቃ እንኳ ከሜዳው ያላወጣ ሰው ነው። አጥሩን ሲያልፍ፣ ለአንድ ምሽት ብቻ ነው፣ ነገ ጧት ቦታዋ ትመለሳለች፣ ማንም አያውቅም አለ ለራሱ። ሌባ ሁሉ የሚለው ይኸንኑ ነው።

ዱጃ በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሰርዲን ትጠርግ ነበር።

«ምንድነው የተሸከምከው?»

«እጅሽን ታጠቢና ያዢው።»

ታጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው። ኮፍያውን ፈታችና ኩራዚቱን አየቻት። «የማን ነው?»

«የአንዲት ሴት። እናት ትሁን ሚስት አናውቅም። ባሕር ነው ሰው የወሰደባት። ጥቀርሻውን እዪው፣ ዓመታት አብርታ ጠብቃዋለች። አልመጣም። በመጨረሻ መቃብር አሠራችለትና በሱ ፈንታ ኩራዟን ቀበረች። እርሟን አወጣች፣ የዋጅዲ እናት። አረፈች።»

ዱጃ አውራ ጣቷን ጥንቸሏ ላይ አሳረፈች፤ ጆሮዋ የጠፋበት ቦታ ላይ ልክክ አለ። የዚያች ሴት አውራ ጣትም እዚያው ነበር የሚያርፈው ማለት ነው።

«ስንት ዓመት አበራችው?» አለች።

«እኔ እንጃ። ብዙ።»

«አፍንጫው እስኪሰነጠቅ።»

«አዎ።»

«ሸክላ እስኪሰነጠቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አሥርም ሊሆን ይችላል፣ ሃያም።»

«እና እኔን በሦስት ዓመቴ ተዪ ትለኛለህ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይኸን ነው።

ዱጃ ተነሥታ ገባች። ከገዛ ስድስት የወይራ ዛፋቸው የተጨመቀውን ዘይትና ጥጥ ይዛ ወጣች። ጥጡን ጭኗ ላይ ገመደችው። ሻድሊ እንዳታደርጊ ማለት ነበረበት፤ ያ ጥቀርሻ ምን እንደሆነ፣ አዲስ ዘይት ሲነካው ምን እንደሚሆን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ግን የሚስቱ እጅ እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሠራ ካየ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዱጃ ምግብ የምትሠራው፣ የምታጥበው፣ የምትጠርገው ሁሉ ነገሩ ቶሎ አልቆ እንዲገላግላት ነበር። አልከለከላትም። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ክብሪት ጫረች።

ነበልባሉ በተሰበረው ጫፍ በኩል ዘንበል ብሎ ቆመ።

«ትሠራለች» አለች ዱጃ።

ሰርዲኑ ሳይጠበስ ሁለቱም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዘይቱ እየጎደለ ሲመጣ ዱጃ አፏን ፈታች።

«ስማ አንተ ሰውዬ። እሷ መብራቷን በገዛ እጇ አላጠፋችም። ኩራዙ ነው እምቢ ያላት። የኔም እንደዚያው ይሁን።» በአገጯ ወደ በሩ አምፖል አመለከተች። «ያ በራሱ ጊዜ የጠፋ ዕለት ኢማሙን ጥራ። ወላሂ አልከለክልህም። አጠገብህ እቆማለሁ።»

ሻድሊ የለመነውን አገኘ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ያ አምፖል በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተቃጥሏል። አራቱንም ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ ሲወጣ ያየው እሱ ነው። አራቱንም ጊዜ ዱጃ ሳትነሣ የብረቷን ወንበር ጎትቶ፣ ላይዋ ወጥቶ በአዲስ ለውጦታል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ለሷ ብዬ ነው፣ ጠፍቶ ብታየው ትወድቅብኛለች እያለ ለራሱ ይነግር ነበር። የአሁኑን ያስገባው መጋቢት ላይ ነው፤ እነሱ የሚገዙት ርካሽ አምፖል ደግሞ ሰባት ወር ካገለገለ ብዙ ነው። አሁን ጥቅምት ገብቷል።

እንግዲህ ሻድሊ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ይበቃል።

በማግስቱ ኩራዚቱን በሁለት እጁ ይዞ ዶክተር ኢንሳፍ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ጠርጎና አድርቆ መመለስ ይችል ነበር፤ መዋሸቱ ግን አልሆነለትም።

«አብርተናት ነበር» አለ።

ዶክተሯ አንሥታ አሸተተቻት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ማን ነው ያበራት?»

«የዋጅዲ እናት። የወሰድኩላት እኔ ነኝ። ላሳያት ብዬ።»

«የእናንተ ዘይት የዚያች ሴት ዘይት ላይ ገብቷል» አለች። «አሁን ማንም ሊለየው አይችልም። አጎቴ፣ ከአርባ ሰባቱ መቃብር ኩራዝ የምትናገር ይቺ ብቻ ነበረች።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ። እሱ ነው የከፋኝ። ሃምዳ ቢሆን አላውቅም ነበር ይለኝና ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር።» መዝገቡን ከፍታ ጻፈች፤ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችለት። «‹ከተገኘች በኋላ ከመጋዘን ወጥታ፣ በአንድ ቤት አንድ ምሽት በአዲስ የወይራ ዘይት በርታለች።› ስም አልጻፍኩም። ቁልፉን ግን ይስጡኝ።»

ሻድሊ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እሷም እዚያው ሃምዳን ጠርታ አስረከበችው። ሃምዳ ቁልፉን አየ፣ ሻድሊን አየ፣ የሚቀልደው ነገር አጣ። «እኔ ምን ላደርገው ነው?» አለና ኪሱ ከተተው። ከዚያን ቀን በኋላ የሻድሊ እጅ በቀን አሥር ጊዜ ወደ ባዶ ኪሱ እየገባ የለመደውን ብረት ይፈልግ ነበር። በስተርጅና ውርደት ከባድ ነው፤ የሚረሳበት ዕድሜ አይቀርለትም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ነበር የወቅቱ ቁፋሮ የቀረው። ሻድሊ በየጧቱ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ቀና ብሎ ያን አምፖል ያያል። በርቷል። አንዳንድ ቀን «ምነው አንተ፣ በቃህ» ይለዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መብራቱ ትንሽ ብልጭ ድርግም ያለ ሲመስለው ይደነግጣል፤ ምኑን እንደፈራ አያውቀውም። በአሥረኛው ቀን ከሱቅ አንድ አምፖል ገዛ። ለወጥ ቤቱ ነው አለ፤ ባለ ሱቁ ግን ምንም አልጠየቀውም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የመጨረሻዋ የሥራ ቀን ጎሕ ላይ፣ በሩን ሲከፍት ደረጃው ጨልሞ ጠበቀው።

ቆመ። መስጊዱ ስምንት በር አልፎ ነው፤ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ የሰገዱት ሰዎች ገና እየወጡ ነበር፤ የኢማሙ ሳል ይሰማል። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። ዱጃ ስትነሣ ጠፍቶ ታየዋለች፣ ቃሏን ታከብራለች፣ ዛሬውኑ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሰው ይሰለፋል፣ የዋጅዲ ስም ይጠራል፣ አላህ ይማረው ይባልለታል፣ ያልቃል። ሦስት ዓመት የለመነው ይኸው ደጁ ላይ መጣለት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በቃ፣ ልተወው አለ። ደግሞ በእጁ የድንጋዩን ጠርዝ ዳበሰ። ዋጅዲ በስምንት ዓመቱ እየሮጠ መጥቶ፣ አመሻሹ ላይ፣ እዚሁ ጠርዝ ላይ ነው ተደናቅፎ የፊት ጥርሱን የሸረፈው። ሻድሊ አሥራ ዘጠኙን ሬሳ ሲገልጥ ፊታቸውን አላየም፤ ፊታቸው የሚታይ አልነበረም። ያየው ጥርሳቸውን ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተሸረፈ ጥርስ ፈለገ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሲያጣው ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው። ያን ደስታ ለማንም አልተናገረም። እስከዛሬም ሆዱ ውስጥ ነበረ።

ደረጃውን ጨለማ አድርጎ ሊሄድ አልቻለም። ተነሣ፤ የብረት ወንበሯን ጎተተ፤ ላይዋ ወጣ። የተቃጠለውን ፈትቶ ለወጥ ቤት ብሎ የገዛውን አሰረው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲፈስ ዓይኑን ጨፈነ። የተቃጠለውን አምፖል ቁልፉ ይቀመጥበት በነበረው ኪሱ ከተተውና ወደ ሥራ ሄደ።

በዚያ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ወቅቱ ሲያልቅ የተቆፈረው ሁሉ ተመልሶ በአፈር ይሞላል። ከመሞላቱ በፊት አለቃው በየጉድጓዱ ወለል ላይ የዘመኑን ሳንቲም ያኖራል። ከመቶም ሆነ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚቆፍር ሰው ሳንቲሙን ሲያገኝ፣ ከኔ በፊት እዚህ ሰው ደርሷል ብሎ እንዲያውቅ ነው። ዶክተር ኢንሳፍ ሳንቲሞቹን በሃምዳ ፊት ለሻድሊ ዘረጋችለት።

«ይኼን እርስዎ ያድርጉት» አለችው። ከኩራዚቱ ወዲህ ዓይኑን አይታ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር።

አርባ ስድስቱን ጨርሶ ወደ አርባ ሰባተኛው ወረደ። ሳንቲሙን በደንቡ መሠረት መሐል ወለሉ ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ ራስጌው ሄዶ ተንበረከከና ኩራዚቱ በነበረችበት ቦታ አሸዋውን በጣቱ ጎድጎድ አድርጎ የተቃጠለውን አምፖል አስተኛው። ሃምዳ ከላይ ሆኖ ያየዋል።

«አጎቴ፣ እሱ ምንድነው?»

«አምፖል።»

ሃምዳ አገጩን አከከ። «ኋላ የሚመጡት ሲያገኙት፣ እነዚያ ሰዎች ሙታናቸውን በኤሌክትሪክ ነበር የሚቀብሩት ይላሉ» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም። ገብቶት ኖሮ ኮፍያውን አወለቀ።

ሻድሊ የነዚያን የጥንት ሰዎች ደንብ አስታወሰ። የሱ ሃይማኖት አይደለም፤ ግን የሚጠራው የገዛ ልጁን ስም ነው፣ ስም መጥራት ደግሞ ኃጢአት አይሆንም።

«ዋጅዲ» አለ።

ከታች የባሕሩ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ዋጅዲ።»

ሦስተኛውን ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ሦስተኛው ከተጠራ መቃብሩ ይዘጋል። አፉን መልሶ ገጠመው። ሃምዳ እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣው። የመጀመሪያውን አካፋ አፈር ሃምዳ እንደ ልማዱ አልወረወረውም፤ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው።

ከሰዓት ቤቱ ሲደርስ ዱጃ ደረጃው ላይ ነበረች። ከዛፋቸው የወረደውን ወይራ በትልቅ ሣሕን ይዛ ቅጠሉን ትለቅማለች። ከራሷ በላይ አምፖሉ በቀን ብርሃን ይበራል። ሻድሊ ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ቅጠል ለቀመላት።

«ይኼ ስንተኛው ነው?» አለችው ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«አምፖሉ።»

ሻድሊ የያዛት ወይራ ከእጁ ወደቀች። መዋሸት አሰበና ተወው። «እኔ ከለወጥኩት አምስተኛው።»

«እኔ አራት ነው የቆጠርኩት። አንዱ አምልጦኛል ማለት ነው።» ወይራዋን አንሥታ ሣሕኑ ላይ መለሰቻት። «ያ ወንበር እኮ ሲጎተት ሙት ይቀሰቅሳል። ያለፈው ደግሞ ቢጫ ነበር፣ ይኼ ነጭ ነው። ሐዘን ዓይን ያጠፋል ያለህ ማነው?»

«ታዲያ እያወቅሽ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ብለሽ ለምን ማልሽ?»

«እኔ አንድ ጊዜ ነው ያበራሁት፤ ከዚያ ወዲህ የምታበራው አንተ ነህ። አንተ የተውክ ዕለት እኔም እተዋለሁ ብዬ ነው። እኔ ከአንተ ቀድሜ እንዴት አድርጌ ልተወው?» እጇ ሥራውን አላቆመም። «ዛሬ ጎሕ ላይ ነቅቼ ነበር። ጨለማውን አየሁ። ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ሰማሁ። በቃ፣ ዛሬ ነው፣ ብዬ ጨርቄን አፌ ውስጥ ነክሼ ተኛሁ። ኋላ ወንበሩ ጮኸ።»

ሻድሊ አለቀሰ። አሥራ ዘጠኙን ሬሳ ሲገልጥ አላለቀሰም፤ ቁልፉን ሲያስረክብም አላለቀሰም። አሁን እንደ ልጅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ አለቀሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ የልጁን እርም እንዳያወጣ የከለከለችው ሚስቱ መስላው ነበር። ዱጃ አላባበለችውም። ሣሕኑን ወደ ጎን አድርጋ፣ ዘይትና አፈር የሸተተ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

«የተቃጠለውንስ የት ጣልከው?» አለችው ሲበርድለት።

«አልጣልኩትም። እዚያ ባዶው መቃብር ውስጥ አኖርኩት። አፈር አለበስነው።»

ዱጃ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ቆመ። ቁልቁል ወደ ባሕሩ፣ ወደ ቁፋሮው አጥር ተመለከተች። ከዚህ ምንም አይታይም።

«ብቻህን?»

«ሃምዳ ነበረ።»

«ሃምዳ» አለች፤ ትንሽ ከፋት። እናቱ ሳለች ሃምዳ መቆሙ። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ሣሕኑን ጭኗ ላይ መለሰች።

«ነገ ቦታውን ታሳየኛለህ» አለችው። «አልሰግድም። ልየው ብቻ።»

«እሺ» አላት።

መሸት ሲል ሁለቱም ተነሥተው ገቡ። መብራቱን ማንም አልነካውም።